ሁሉም እንግዳ የነበረበት ቤት

ስልኩ የጮኸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ መጽሐፍ ጠራዧ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ለመስፋት ጀርባውን በወስፌ ስትበሳ ነው። አምስት ቀዳዳ በስታ ስድስተኛው ላይ ደርሳለች። በግራ እጇ የወረቀቱን ጠርዝ እንደጨበጠች በቀኟ ስልኩን አነሣች። የሆስፒታሉ ነርስ ናት።

«የታማሚው እህት ነዎት?»

«ነኝ።»

 ቀጥሎ የመጣው ቃል ለጠራዧ አዲስ አልሆነባትም።

«ከግማሽ ሰዓት በፊት አረፉ። ስቃይ አልነበረባቸውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ጠራዧ። ስልኩን ዘግታ ስድስተኛውን ቀዳዳ በሳች። ቀጥላ ሰባተኛውን በሳች። መዝገቡ የሚፈልገው ስድስት ብቻ ነበር። ትርፉን ቀዳዳ ስታይ ነው ወስፌውን ያስቀመጠችው። የሙጫውን ቆርቆሮ ከደነች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ከዚያ ተቀመጠች።

የሞተው ታላቅ ወንድሟ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ሽቦ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆኖ ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ጉልበቱ ምሰሶውን እምቢ ሲል ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ቀድማው አርፋለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ሻንጣና አንድ የመሣሪያ ከረጢት ይዞ እህቱ ቤት መጣ። «ለሁለት ሳምንት ነው» ብሎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆየ።

እሷም ባሏን ካጣች ሰንብታ ነበር። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ልጅቷ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያ ሆና ሌላ ሰፈር ትኖራለች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንዷ በፊት ለፊቱ ክፍል መጻሕፍት ትጠርዛለች፤ አንዱ ሳሎን ተቀምጦ ያልተበላሸ ነገር ይፈታታል። ከሙጫው አያይዞ «ሙጬ» ነው የሚላት። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። ሲያናድዳት ግን እሷም እንደ ሰፈሩ «ጋሽ ሽቦ» ነው የምትለው።

ውለታው ብዙ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንደወጣ፣ ዓይኗ በታመመ ጊዜ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማን ሲያስገባላት እንደከረመ እሷ ታውቃለች። ሰፈርተኛው የሚያነሣው ግን የእንግዳ መስመሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ልጅቷ ራውተር ይዛ መጣች። ሳሎኑ ውስጥ ፕሪንተር አለ፤ ጠራዧ የመጻሕፍቱን የሽፋን ርዕስ የምታትምበት። ቴሌቪዥን አለ። ከስልክ የተላከለትን የሚያጫውት ስፒከርም አለ። ልጅቷ ሁለት ዋይፋይ አዘጋጀች፤ አንዱን ለቤተሰቡ፣ ሌላውን ለእንግዳ። የቤተሰቡን «ቤት» አለችው። የእንግዳውን ስም አጎቷ ያውጣ ተባለና «ግቡ» አለው። ፓስወርዱንም እሱ መረጠ፤ ከአንድ እስከ ስምንት።

«ጋሼ፣ ይሄ ፓስወርድ ነው?» አለች ልጅቷ። «ይሄማ በር ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው።»

«እስከ ስምንት መቁጠር የቻለ ሁሉ እንግዳዬ ነው» አላት። «ያልቻለም ይምጣ፤ አስቆጥረዋለሁ።»

የመጀመሪያዋ እንግዳ ከአጥር ማዶ ያለችው አዋላጅ ነበረች። የሥራ ተራዋን የያዘ ወረቀት ልታትም መጣች። ስልኳ «ግቡ» ውስጥ ገባ፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ፕሪንተሩ ግን ፊቷ ተቀምጦ ስልኳ ላይ የለም።

«ጋሽ ሽቦ፣ ይሄ ፕሪንተር ዓይንሽን ላፈር ብሎኛል።»

«እሱ ማንንም አይጠላም። ጠጋ በዪው።»

«ከዚህ በላይ ልጠጋው? ልዘለው?»

ጋሽ ሽቦ ለልጅቷ ስልክ ደወለ። ሥራ ላይ ነበረች።

«ጋሼ፣ የእንግዳ መስመር ማለት እኮ ይኸው ነው» አለችው። «እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የቤቱን ዕቃ አያይም። አንዱ እንግዳ ሌላውንም አያይም። ለደኅንነት ሲባል ነው።»

«ቆይ፤ ሰውን ግባ ብዬ፣ ሳሎን አድርሼ፣ ወንበሩን እደብቅበታለሁ ማለት ነው?»

«ወንበሩ ያለው በናንተ መስመር ነዋ።»

«እንግዲያው ወንበሩን ወደሱ ማምጣት ነው።»

«እሺ፣ እሺ፣ በኋላ እናወራለን» ብላ ዘጋችው። እሺ ያለችው ለመገላገል ነው። እሱ የያዘው ግን እንደ ፈቃድ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የራውተሩን መመሪያ አነበበ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ያየ?» እያለ ቤቱን ሲያምስ ጠራዧ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ግንባርህን ፈትሽ» ትለዋለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፕሪንተሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ስፒከሩን ከ«ቤት» አውጥቶ «ግቡ» ውስጥ አስገባቸው። በእንግዳው መስመር ያሉት እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚከለክለውንም ቦታ አግኝቶ ክልከላውን አነሣ። አዋላጇ ተጠራች። ስልኳን ነካ ስታደርግ ፕሪንተሩ አቃሰተ፣ ቆመ፣ እንደገና አቃሰተ፣ ወረቀቷን አወጣ። ጋሽ ሽቦ በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየና «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ወንድ ነው» አላት። አዋላጇ ሳቋን መግታት አቅቷት በሩን ተደግፋ ቆመች።

ዕቃው ወደ እንግዳው መስመር ሲዛወር የቤቱም ሰው ተከተለ። ጠራዧ ርዕስ ልታትም ስትል ወንድሟ ስልኳን ተቀብሎ አንድ ነገር ነካክቶ መለሰላት። ምን እንዳደረገ አልጠየቀችም። ወረቀቷ ከወጣ ምን ቸገራት።

ከዚያ በኋላ ሳሎኑ ሰው አልተለየውም። ቅጽ የሚያትም ይመጣል፤ ከውጭ አገር የተላከ የሠርግ ፎቶ በትልቁ ቴሌቪዥን ማየት የሚፈልግ ይመጣል። ጋሽ ሽቦ ምሰሶ ሲወጣ ገመድ ይይዝለት የነበረው የድሮ ባልደረባው በየሳምንቱ የልጅ ልጆቹን ፎቶ እያመጣ ያሳያል። ሰባተኛዋን ሕፃን ሲያሳያቸው ጋሽ ሽቦ «ይቺን ባለፈው አላየናትም?» አለው። «እሷ ሌላዋ ናት» ቢለው «አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ እንደኔ ፕሪንተር ናቸው» ብሎ አሳቀበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠራዧ ሙጫ እያቀለጠች ሳለ ከስፒከሩ «ጎል!» የሚል ጩኸት ፈነዳ። ሙጫው ተደፋ። ሳሎን ማንም የለም። ነገሩ ሲጣራ አንድ የሰፈሩ ባለታክሲ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ስልኩ ላይ ኳስ ሲከታተል፣ ነካ ነካ አድርጎ ድምፁን ሳያውቅ ወደነሱ ሳሎን ልኮታል። ጋሽ ሽቦ ዱላውን ይዞ ወጣ። ጠራዧ ሊቆጣላት መስሏት በመስኮት ታየዋለች። የመኪናውን መስኮት አንኳኩቶ «ስንት ለስንት ናቸው?» አለው።

ከዚያ ወዲህ ባለታክሲው ስሙ «ኳስ» ሆኖ ቀረ።

በ«ቤት» የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም የግማሽ ጡብ ያህል ጥቁር ሳጥን ነው፤ ፎቶ ማስቀመጫ። ጋሽ ሽቦ አንድ ክረምት ሙሉ የቤተሰቡን አሮጌ ፎቶዎች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እያስገባ በዚያ ሳጥን አከማቸ። አዲስ የሚያነሣቸውንም በየዓርቡ ከስልኩ በላፕቶፑ በኩል ወደዚያ እየገለበጠ ስልኩን ያጸዳል። «ስልክ ይጠፋል፤ ሳጥን ግን ከቤት አይወጣም» ይላል።

ያ ክረምት ካለፈ ከወር በኋላ ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለው የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። ውስጡ የነበረው የአሮጌዎቹ ፎቶዎች አልበም ሌሊቱን ውኃ ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ሲወጣ እንደ ሊጥ ሆኗል። የጠራዧ እጅ ስንት የራሰ መጽሐፍ አድኗል፤ ያን ግን ማዳን አልቻለችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ትወድ ነበር። ያን ቀን ወረቀት የያዘውን ሁሉ ሲለቅ በዓይኗ አየች። ከለቀቀው አንዱ እናታቸው በር ላይ ተቀምጣ የተነሣችው ነው። የእናታቸው ፎቶ ከዚያ ሌላ አልነበረም።

«አታልቅሺ ሙጬ» አለና ላፕቶፑን ከፍቶ ከሳጥኑ ውስጥ እናታቸውን አወጣላት። እናታቸው ስክሪኑ ላይ በሩን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጠራዧ ያን ጊዜም አለቀሰች፤ ግን ሌላ ልቅሶ ነው። ወንድሟን ጭንቅላቱ ላይ ሳመችው። እንዲያ አድርጋ አታውቅም ነበርና ሁለቱም አፈሩ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ «እባክህ ጋሼ፣ ቢያንስ ሳጥኑን በደንብ ቆልፈው» ብላ ያዘችው። «ከአንድ እስከ ስምንት እንዳትለኝ። ማንም ሊገምተው የማይችል ይሁን። ማል።» ማለላት። ማኅላውንም ጠበቀ። በዕድሜው ለሌላ ሰው ክፍት ያልተወው ነገር ቢኖር ያ ሳጥን ነው።

ዘንድሮ ሳጥኑን የሚከፍትበት ላፕቶፕ ተበላሸ። ሊሠራው ከፈታታው በኋላ ታመመ። ሆስፒታል ሲገባ ብሎኖቹን በአንድ የሻይ ስኒ አድርጎ «ስኒውን እንዳታጥቢው፤ ስመለስ እገጥመዋለሁ» አላት። አራት ሳምንት ተኛ። ከዚያ ነርሷ ደወለች።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። እሁድ ዘመድና ወዳጅ ቤት ተሰብስቦ እሱን ሊያስብ ነው። ጠራዧ አርባ ዓመት የሰው ሥራ ስትጠርዝ ኖራለች፤ የሰው መዝገብ፣ የሰው መጽሐፍ፣ የሰው የሕይወት ታሪክ። ለወንድሟም አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ልታዘጋጅለት ወሰነች። አሥራ ስድስት ገጽ፣ ሃያ ቅጂ። ጽሑፉን ራሷ ጻፈችው፤ አጭር ነው። የቀራት በመጀመሪያው ገጽ የሚገባው የሱ ፊት ነው።

የሱ ፊት ግን የለም። ሌላውን ሁሉ የሚያነሣው እሱ ነበር። በየጊዜው ሰው ያነሣው ጥቂቱ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ስልኩን ከፈቱት። ሁለት ፎቶ ብቻ አለበት፤ አንዱ የውኃ ቆጣሪ፣ አንዱ የሆስፒታል ክፍል ጣሪያ።

«ጣሪያውን ለምን አነሣው?» አለች ልጅቷ።

«ስንጥቅ አለው» አለች እናቷ። «ውኃ ያስገባል ብሎ ለሐኪሞቹ ሊያሳያቸው ነው።»

ኀሙስ ልጅቷ ፈቃድ ወስዳ መጣችና ኮምፒውተሯን ሳሎን ዘረጋች። የራውተሩን ዝርዝር ስትከፍት ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«እማዬ፣ «ቤት» ላይ ያለው ሳጥኑ ብቻ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ «ግቡ» ላይ ነሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልጅቷ አየች። «ስምንት ዓመት ሊሞላሽ ነው።»

ጠራዧ ሳሎኑን ዞራ አየች። ቤቱ የሷ ነው። ሳሎኑን የቀባችው፣ መጋረጃውን የሰፋችው፣ ለዚያ ሰው አልጋውን ያነጠፈችው እሷ ናት። ነገሩ የሽቦ ጉዳይ እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም አጥንቷ ድረስ ተሰማት።

«በገዛ ቤቴ እንግዳ አድርጎኝ ሞተ በይኛ» አለች።

«ቆይ» አለች ልጅቷ ዝርዝሩን ወደ ታች እያወረደች። ጋሽ ሽቦ ለእያንዳንዱ ስልክ ስም አውጥቶለታል። አዋላጇ አለች። ኳስ አለ። «ገመድ ያዥ» አለ። «ሙጬ» አለች። ከሙጬ በላይ «እኔ» የሚል አለ።

«እኔ የሚለው ማነው?»

«የሱ ስልክ ነው» አለች ልጅቷ። «እሱም እንግዳ ላይ ነው። ይኸው፣ ይኸው የኔም! «ኮስታራዋ» ብሎኛል። ሠርቼ የሰጠሁት እኔ፣ እኔም እንግዳ ነኝ!»

«እና ቤተኛው ማነው?»

«ሳጥኑ ብቻ።»

ተያዩ። ጠራዧ ነርሷ ከደወለችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

ቤተኛው ሳጥን ግን አልከፈት አለ። የትውልድ ዓመት ሞከሩ። የእናታቸውን ስም፣ የሚስቱን ስም፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የወደቀበትን ምሰሶ ቁጥር ሳይቀር ሞከሩ። በየአምስት ስሕተቱ ሳጥኑ አንድ ሰዓት ይዘጋና እንደገና ይጠይቃል። ልጅቷ በግድ ቢከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ሊጠፋ እንደሚችል ታውቃለችና እጇን ሰበሰበች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማንም የማይገምተው ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። አስምዬው።»

«ያልሽው ደግ ነገር ነው» አለች እናቷ። «እሱ የማንን ምክር ሰምቶ ያውቃል? ያንቺን ሰማ። ስለሚወድሽ ነው የሰማሽ። አሁን ፊትሽን ታጠቢ።»

ልጅቷ ልትታጠብ ስትሄድ ጠራዧ የመጀመሪያውን ገጽ አንሥታ አየች። ስሙ ታትሟል፤ ከበላዩ ያለው ቦታ ነጭ ነው። ፊት የሌለው ሰው መጠረዝ አልፈለገችም። ሰው መጽሐፉን ገልጦ ስም ብቻ አይቶ እንዲከድነው አልፈለገችም። ከሦስት ቀን በኋላ እሁድ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ሊያጽናናት መጣ። አዋላጇ ሥራ ላይ አድራ እንዳልተኛች ከነሽርጧ መጣች። ባለታክሲው ጫማውን በር ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ገመድ ያዡ ሽማግሌ ልጁ ደግፋው ገባ። ከኋላቸው ሌሎችም ነበሩ። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ በየወንበሩ ተቀመጡ። ኮምፒውተሯ ፊት የነበረችው ልጅቷ ግን ሌላ ነገር አየች። ሰዎቹ ደፉን በተሻገሩ ቁጥር፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ በኪሳቸውና በቦርሳቸው ያለው ስልክ ራሱ እየገባ ነው። ዝርዝሩ ላይ ስማቸው አንድ በአንድ ይበራል። አዋላጇ። ኳስ። ገመድ ያዥ። እንዲያ እያለ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። እናቷን በክርኗ ነካ አድርጋ አሳየቻት። ጠራዧ አየችና ሻይ ልትቀዳ ተነሣች።

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆውን ተቀብሎ «ለእሁድ የሚሆነውን ፎቶ ትልቅ አድርጋችሁ አዘጋጃችሁልኝ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለንም» አለች ጠራዧ። ሳጥኑን በአጭሩ ነገረቻቸው።



«እኔ ጋ አንድ አለ» አለ ሽማግሌው። «ግን ፊቱ የለበትም።»

«ምኑ አለበት?»

«ጫማው። ምሰሶ ላይ ሆኖ ከታች ነው ያነሣሁት።»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ። «ይላኩት፣ ይላኩት» አለች ልጅቷ። ሽማግሌው ስልኩን ለልጁ ሰጣት፤ ልጁ ነካ አደረገች። ፕሪንተሩ አቃሰተ፣ ቆመ፣ እንደገና አቃሰተ። ሁለት ትልልቅ የሥራ ጫማዎች ከሰማይ በታች ወጡ።

«ጫማውስ የሱ ነው» አለች ጠራዧ። «ግራውን እኔ ነኝ የሰፋሁለት።»

ከዚያ በኋላ ማን ቀጥሎ እንደላከ አይታወቅም። አዋላጇ የሥራ ተራዋን የታቀፉ ሁለት እጆች ላከች፤ ያን ቀን ያነሣችው ነው። ሌላው የልጁን ልደት ላከ፤ ጋሽ ሽቦ ጥግ ላይ በግማሽ ፊቱ አለ፣ አፉ በኬክ ሞልቷል። አንዷ ጎረቤት ራውተሩ ላይ አጎንብሶ ሳለ ከኋላው ያነሣችውን ላከች። አንዷ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ሆኖ መነጽር ሲፈልግ። ያን ሲያዩ ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ፕሪንተሩ አላርፍ አለ። ወረቀቱ ሲያልቅ ጠራዧ ከሥራ ክፍሏ ወፍራሙን፣ ለሽፋን ያስቀመጠችውን አምጥታ ጨመረች።

«ኳስ፣ አንተስ?» አለችው አዋላጇ። «ከሱ ጋር ስትከራከር ነበር የምትውለው፤ አንድ እንኳ አላነሣኸውም?»

ባለታክሲው አንገቱን አቀርቅሮ ስልኩን ሲያገላብጥ ቆየ። «አንድ አለ» አለ። «አስቀያሚ ነው ብዬ ነው። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ያነሣኋቸው።»

«ላከው አቦ!»

ላከው። ሰማያዊው ቀለም በዚያው መካከል አልቆ ስለነበር ፎቶው ቀልቶ ወጣ። በመኪና መስኮት ያጎነበሰ ሽማግሌ ነው፤ ዱላው በብብቱ፣ አፉ ለጥያቄ የተከፈተ፣ ዓይኖቹ ሊስቁ የደረሱ። ፊቱ ሙሉ ነው። ልክ በር የከፈተለትን ሰው እንደሚያይ አድርጎ ፎቶውን የያዘውን ሰው ያያል።

ማንም አልሳቀም።

«ስንት ለስንት ናቸው ያሉኝ ቀን ነው» አለ ባለታክሲው። «ልሰደብ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ። ፊታቸውን ሳይ ነው ያነሣሁት። እንደሱ አድርጎ ያየኝ ሰው ብዙ የለም።»

«ቲማቲም መስሎ ወጣ እንጂ» አለ ሽማግሌው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ።

«ቀለም ገዝቼ ልምጣ» ብላ ልጅቷ ተነሣች።

«ተዪው» አለች ጠራዧ። ወረቀቱን ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ መብራት ሥር አየችው። «ይሄው ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ብዙ የምትናገር ሰው አልነበረችም። ቢሆንም ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ባለታክሲውን አየችና «ሙጫ ደፍተህብኝ ነበር፤ ያን ቀን ረግሜሃለሁ» አለችው። «እርግማኔን አንሥቻለሁ። ተባረክ። ሁላችሁም ተባረኩ። ወንድም ጋሼ ያስቀመጠላችሁ ይህን ሁሉ ዕቃ ነው ብዬ ሳስብ፣ እናንተ እሱን አስቀምጣችሁልኝ ኖሯል።»

ይህን ብላ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። አዋላጇ ከእጇ ቀማቻት።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እናትና ልጅ ጠረዙ። ልጅቷ ወረቀት ታጥፋለች፣ እናቷ ትሰፋለች። ልጅቷ ስታጥፍ ጠርዝና ጠርዙ አይገጥምላትም። እናቷ ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንቺ ኮምፒውተርሽ ይሻልሻል» ትላት ነበር፤ ያን ቀን ግን እየተቀበለች ዝም ብላ አስተካከለች። የቀላው ፎቶ በመጀመሪያው ገጽ ገባ። ጫማው፣ እጆቹ፣ ግማሹ ፊትና መነጽሩ በውስጥ ገጾች ገቡ። በመጨረሻው ገጽ የዝርዝሩን ስሞች እንዳሉ አተሙ፤ ከ«እኔ» ጀምሮ፣ አርባ ሦስት ስም። እሁድ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የገለጠው ያን ገጽ ነው፤ ራሱን ፈልጎ እስኪያገኝ። አንዳንዱ ጋሽ ሽቦ ምን ብሎ እንደሰየመው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ሲያገኘው ሳቀ፣ ለጎኑ ሰው አሳየ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጠራዧ ሥራዋን ቀጥላለች። «ግቡ» እንዳለ ነው፤ ፓስወርዱም እስከ ስምንት ነው። ልጅቷ ቀይሪው አላለቻትም።

በመጽሐፉ ሦስተኛ ገጽ፣ ስለ እናታቸው ከተጻፉት አራት መስመሮች በላይ፣ ለአንድ ፎቶ የሚሆን ቦታ ተትቷል። ሳጥኑ አልተከፈተም። ሃያውም ቅጂ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው።